የሰብሳቢው ጭልፋ

«ሀሎ፣ ሀሎ፣ ሙከራ፣ ሙከራ» የሚል የሞንታርቦ ድምፅ ከሩቅ በሰማሁ ቁጥር ከያዝኩት ሥራ ቀና እላለሁ። ሌላው ሰው ይህን ሲሰማ ሰርግ ትዝ ብሎት ፊቱ ይፈታል፤ እኔ ግን ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ደግሞ አሁን ምን ሊበላሽ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። ይህን አመል ያስያዘኝ የታላቅ እህቴ የዘውዴ ሰርግ ነው። ያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ቤታችንም አሶሳ ከተማ ዳር፣ ማንጎ የበዛበት ሰፈር ውስጥ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ድረስ በዚያ ቤት ከሰርግ በቀር ሌላ ነገር አልተወራም፣ ከሰርግ በቀር በሌላ ነገርም አልተለቀሰም።

አባቴና እናቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ናቸው። በመጡ በዓመቱ እናቴ ዘውዴን ወልዳ ሳትጠነክር ወባ ጥሏት፣ ጡቷ ደርቆ፣ ሕፃኗ ልታልቅ ስትል፣ ከወንዙ ማዶ ትኖር የነበረች ዘይነብ የምትባል የበርታ ሴት ልጅቷን ወስዳ ከራሷ ልጅ ጋር እያጠባች አተረፈቻት። አባቴ በዚያን ጊዜ ከለበሰው ልብስ በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረውምና ቃል ሰጣት። «ዘይነብ፣ ይህች ልጅ ስትዳር ካንድ ገበታ አብረሻት በልተሽ፣ መርቀሽ የምትሸኛት እናቷ አንቺ ነሽ» አላት። ይህን ሲል ግን ስለ ሥጋው አላሰበም። በእኛ አገር ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ድግስ ያለበት ሰው ሁለት ሰንጋ ጥሎ፣ ሁለት ዳስ ሠርቶ፣ በሁለት ወገን ያበላል እንጂ ማንም ከማንም ድስት አይጨልፍም። እንግዲህ ሥጋ የሌለበት ሰርግ ደግሞ ማን አይቶ ያውቃል? አባቴ ይህ ነገር የገባው ዘውዴ ጡት ጥላ፣ ፊደል ቆጥራ፣ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ ነበር። እትዬ ዘይነብ ግን ቃሉን አልረሳችም፤ ወደ ገበያ ስትወርድ በደጃችን እያለፈች፣ በዚያ ወንድና ሴት በማይለየው አማርኛዋ፣ «ዘውዴ ሲያገባ እኔ ከዘውዴ ጋር ይበላል!» ትል ነበር፤ ዘውዴ ትስቃለች፣ አባቴ ደግሞ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ኅዳር ላይ የሙሽራው ሽማግሌዎች መጥተው፣ እሺ ተብለው ሄዱ። ሙሽራው ደምሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነገር ግን ብዙ አለቃና ብዙ የሥራ ባልደረባ ነበረው። ቀን መቁረጡ ራሱ ፈተና ሆነ። ያን ሰሞን የነእትዬ ዘይነብ ረመዳን ነበር፤ እሱ ሳይወጣ የእኛ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከዚያ ጥር ብቻ ይቀራል፤ ጥር ካመለጠ ዐቢይ ጾም አለ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ከገባ እናቴ በግንቦት የተዳረች ሴት ደኅና አይገጥማትም ብላ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። በዚህ ላይ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ጌታቸው የሰርጉን ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ራሱን ሰብሳቢ አድርጎ መረጠ። ጋሼ ጌታቸው አስተማሪ ነበር፤ ልቡ ንጹሕ፣ ነገሩ ረጅም ሰው ነው። ሽንኩርት ማን ይግዛ ሲባል እንኳ እጁን አንሥቶ፣ «ይህ በአጀንዳ ይያዝ» ይል ነበር። ማታ ማታ ሳሎናችን በኮሚቴ እየሞላ፣ እኔ የቤት ሥራዬን ማድ ቤት ጭስ ውስጥ እሠራ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ማካፈል በደንብ አይሆንልኝም።

ዘውዴ በበኩሏ ዳስ አልፈልግም አለች። «ዶሮ በእግሬ ሥር እየተመላለሰ፣ ዝናብ በራሴ ላይ እየወረደ አልዳርም፤ አዳራሽ ነው የምፈልገው» ብላ በሯን ዘጋች። በከተማው ያን ያህል ሰው የሚይዝ አዳራሽ ያን ጊዜ አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም የአንድ መሥሪያ ቤት የስብሰባ አዳራሽ ነበር። አባቴና ጋሼ ጌታቸው ሄደው ኃላፊውን ሲለምኑት፣ ስብሰባ ካልመጣ አዳራሹ የእናንተ ነው፣ ነገር ግን በግቢው ውስጥ እርድ የለም፣ እሳት አይነድም፣ ምግብ ማቅረቢያውም አንድ ክፍል ብቻ ነው አላቸው። አባቴ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ታዲያ ሙስሊሞቹን በምን ላበላ ነው?» ቢል፣ ጋሼ ጌታቸው መልሱን ይዞ ነበር የጠበቀው፤ «ለእነሱ ለስላሳና ብስኩት ይቀርባል» አለ። አባቴ ብድግ አለ። ቁጣው ቀስ ብሎ የሚመጣ ሰው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ጊዜ አልወሰደም፤ «ልጄን ጡት አጥብታ ያተረፈችልኝን ሴት በብስኩት ልሸኛት?» አለና ሳይበላ ተኛ።

ጥር ሲገባ ግን ዘውዴ አልቅሳ አሸንፋ፣ አዳራሹ ተያዘ፤ እነ እትዬ ዘይነብ በማግስቱ እቤታችን ለብቻ ይጋበዛሉ ተባለ፤ ጠላው ተጠነሰሰ፣ ጌሾው ተወቀጠ፣ የወረቀት አበባ በገመድ ተሰክቶ በየክፍሉ ተንጠለጠለ። ሰርጉ ቅዳሜ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ከአዳራሹ መልእክት መጣ፤ ስብሰባ መጥቷል። ምን ዓይነት ስብሰባ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፣ ብቻ ስብሰባ ነው። ጋሼ ጌታቸው ስብሰባ ሲባል ቶሎ ስለሚያከብር፣ «እንግዲህ ከሥራ የሚበልጥ የለም» ቢል፣ እናቴ በወጥ ማማሰያ ልትለው ነበር። በሁለት ቀን ዳስ እንጣል ቢባል ዘውዴ አሻፈረኝ አለች፤ የደምሴም ወገኖች ተቀየሙ፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። የተጠመቀውን ጠላ ጎረቤት እየጠራን ስንጠጣ ሰነበትን፤ አባቴ በየጽዋው ላይ አንድ ጊዜ ይተነፍስ ነበር።

የዐቢይ ጾም ወራት አሶሳን የሚያውቅ ሰው ያውቃቸዋል፤ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ ወርዶ ሰው ላይ ይቀመጣል፣ ሣሩ ተቃጥሎ ጥቁር ዐመድ በየመንገዱ ይነፍሳል፣ ሰውም በትንሽ ነገር ይጣላል። ኮሚቴው በዚያ ሙቀት ውስጥ «ስለ አንድ ገበታ» የሚል አጀንዳ ይዞ ለሦስት ሳምንት ተከራከረ። አባቴ ቃሌን ሳልፈጽም አልሞትም ይላል፣ ሌላው እንዴት ተደርጎ ይላል። በመጨረሻ ላይ የተወሰነው፣ እነ እትዬ ዘይነብ ራሳቸው ያረዱት፣ ራሳቸው የሠሩት ምግብ ከአዳራሹ ውጭ ለብቻው እንዲቀርብ፣ ዘውዴና እትዬ ዘይነብ ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ጨርቅ ላይ፣ በሁለት ትሪ እንዲበሉ ነበር። በዚህ ላይ ጋሼ ጌታቸው ከራሱ አንድ ነጥብ ጨመረ፤ ልዩነት እንዳይፈጠር የሁለቱም ወገን ወጥ በሥጋው፣ በቅቤው፣ በጨውም ጭምር አንድ ዓይነት ይሁን አለ። ሁሉም አጨበጨበለት። አባቴ ውሳኔውን ለእትዬ ዘይነብ ሄዶ ሲነግራት አብሬው ነበርኩ፤ ቀና ብላ አየችው፣ «ኸይር፣ ይሁን» አለች፣ ከዚያ ወደ ማሽላዋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ በደጃችን ስታልፍ ሰላም ትለናለች እንጂ ከዘውዴ ጋር እበላለሁ የሚለውን ነገር አንሥታ አታውቅም። ልጅ ብሆንም ደስ እንዳላላት ገብቶኝ ነበር፤ ትልልቆቹ ግን ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አልፏል ብለው አርፈው ተቀመጡ።

ፋሲካ አልፎ ማንጎው መውደቅ ሲጀምር ሰርጉ እንደገና ተነሣ። አዳራሹ ያው «ስብሰባ ካልመጣ» ተብሎ ተያዘ፤ አባቴ በዚህ አነጋገር ላይ አንድም ቃል ሳይጨምር ከወዳጆቹ ጋር ቀርከሃ ሊያስቆርጥ ወጣ፤ ሲጠየቅ «ለአጥር ነው» ይል ነበር። ሞንታርቦ የሚያከራየው ሙሌ ጄኔሬተሬ ተበላሽቷል፣ አሠርቼ እመጣለሁ፣ አይ አልመጣም፣ እመጣለሁ እያለ እናቴን አመነመናት። ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ ለዚያው ቀን ለሌላ ሰርግም ቃል ገብቶ ነበርና ሁለታችሁንም በየተራ አነሣለሁ አለ፤ ሙሽራ በተራ ይገባል ወይ ብትሉት ደግሞ ትከሻውን ይነቀንቃል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣው ቬሎ ነቀምት ላይ ሌላ መኪና ላይ ወጥቶ ጠፍቶ፣ ተገኝቶ፣ ሲመጣ ለዘውዴ ሰፍቷታል። ይህን ሁሉ ችለን፣ ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደግሞ ስብሰባ መጣ። ዘውዴ በዚህ ጊዜ አላለቀሰችም፤ ወደ ጓሮ ወጥታ፣ የተከመረውን ቀርከሃ አይታ፣ አባቴን አየችውና «አጥር ነው አልከኝ» አለችው። «አብሽሪ ልጄ፣ ሲያጥሩት አጥር፣ ሲጥሉት ዳስ ነው» አላት። በሕይወቴ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለት ዳስ ተጣለ፤ የእኛው ከቤቱ ፊት ለፊት፣ የነእትዬ ዘይነብ ከማንጎው ሥር። ወንድሞቿና የአባቴ የአገር ልጆች አብረው ቀርከሃ ሲሰነጥቁ፣ በልጥ ሲያስሩ፣ ስለ ዝናቡ ሲሟገቱ ዋሉ። ጋሼ ጌታቸው መሐል ቆሞ የትኛው ዳስ በስንት ክንድ እንደሚበልጥ ያስለካ ነበር፤ የማንጎው ሥር አነስ ብሎ ሲገኝ እንደገና ይቀጠል አለ። ሰርጉ ሊሆን አንድ ሌሊት ሲቀረው ዝናብ ጣለ፤ ዳሱ አላፈሰሰም፣ ቤታችን ግን አፈሰሰ።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሁለቱም ሰንጋ ታርዶ፣ የነእትዬ ዘይነብን ባሏ አቶ ኸሊፋ ባርኮ አርዶት፣ በሁለቱም በኩል ትልልቅ ድስቶች ተጥደው፣ ረፋዱ ላይ ወጡ ደርሶ መዓዛው ግቢውን ሞላው። በማንጎው ሥር ያለውን ድስት የያዘችው የእትዬ ዘይነብ እህት ሐሊማ ነበረች። እኔ ውሃ አቀብል ስለነበር በሁለቱም በኩል እመላለስ ነበር፤ ያየሁትንም በዓይኔ ነው ያየሁት። ጋሼ ጌታቸው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ የኮሚቴውን ውሳኔ ሊያስፈጽም ወጣ። መጀመሪያ ከእኛ ድስት በጭልፋ ጨልፎ ቀመሰ፤ ጨዉ ደስ አለው። ከዚያ ይህ ጣዕም ከምላሱ ሳይጠፋ ያን ለማነጻጸር፣ ያንኑ ጭልፋ፣ የእኛው ሰንጋ ቅባት እየተንጠባጠበበት፣ ይዞ በፍጥነት ግቢውን አቋርጦ፣ ሐሊማ ከማገዶው ቀና ሳትል የማንጎው ሥር ድስት ውስጥ ነከረው። ቀመሰ። «እኩል ነው!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሐሊማ ቀና ብላ አየችው። ድስቱን ከደነችው፤ እጇን ታጠበች፤ ከማገዶው እንጨት ስባ አወጣች። ሌሎቹም ሴቶች አይተው ነበርና አንድ በአንድ ተነሡ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም፤ እጃቸውን ታጥበው ከድስቱ ራቁ። ሙሌ በዚያች ቅጽበት ጄኔሬተሩ ተነሥቶለት «ሀሎ፣ ሀሎ፣ ሙከራ» ማለት ጀመረ። አባቴ እየሮጠ መጥቶ ጭልፋውን በጋሼ ጌታቸው እጅ ላይ ሲያይ ገባው።

«ጌታቸው፣ ምን አደረግህ?»

«ጨዉን ላስተካክል ብዬ ነዋ! ልዩነት እንዳይፈጠር!»

እናቴ ማድ ቤት ደፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ከሐዘን ይልቅ ግን በንዴት ነበር፤ ያ ሁሉ ወር፣ ያ ሁሉ አጀንዳ፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ በአንድ ጭልፋ ገደል ሲገባ ለምን ይሆን ትልቅ ሰው የሚያክል ሞኝ የሌለው እያልኩ ነበር። ሌላ ሰንጋ ቢገኝ እንኳ ጊዜ የለም፤ ሙሽራው ከቤቱ ተነሥቷል የሚል ወሬ ደርሶናል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይኸው ነው። የእትዬ ዘይነብ ወገኖች ተቀምጠው፣ ለስላሳ ጠጥተው፣ በትሕትና ተነሥተው ሊሄዱ ነው፤ የአባቴም ቃል በዚያው አብሮ ይሄዳል።

እትዬ ዘይነብ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ለሰርጉ ብላ ሰማያዊ ቶብ ተሸፋፍና፣ እጇን ሂና ተቀብታ ነበር። ሐሊማ በበርታኛ ነገረቻት። ሰምታ ስትጨርስ እናቴ አጠገብ ደፉ ላይ ተቀመጠችና በስሟ ጠራቻት።

«የሺ፣ አንተ ለምን ታለቅሳለህ? ገንፎ ሥጋ አለ? የለም። ባሚያ ሥጋ አለ? የለም። የእኔ እጅ ሐራም ነው?»

«ኧረ በማርያም! እንዴት እንዲህ ትያለሽ?» አለች እናቴ።

«ታዲያ ተነሣ። ዘውዴ ልጄ ነው። እኔ ቤት ሄዶ ገንፎ ያመጣል፣ ከዘውዴ ጋር አንድ ላይ ይበላል። አንድ ሳህን። ኮሚቴ የለም!»

ጋሼ ጌታቸው ለሰርግ ገንፎ ነውር ነው ሊል ጀምሮ ነበር፣ አባቴ ዞር ብሎ ሲያየው ተወው። ሙሽራው ደርሶ፣ ሚዜዎቹ ደጅ ላይ ተከራክረው፣ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ፣ የማንጎው ሥር ሴቶች የማሽላ ገንፎውንና የባሚያውን ወጥ በትከሻ እንጨት ሁለት ጫፍ ላይ አንጠልጥለው በሰፈሩ መንገድ ሲመጡ ታየ። እትዬ ዘይነብ አንዱን ትልቅ ሳህን ይዛ በቀጥታ ወደ ሙሽሮቹ ሄደች። ያ በስንት ውሳኔ የተዘጋጀው ሁለት ትሪ ወደ ጎን ተገፋ። ዘውዴ፣ ያች አዳራሽ ካልሆነ ያለች ዘውዴ፣ የቬሎዋን እጅጌ ሰብስባ፣ ከገንፎው ቆርሳ ባሚያ ውስጥ ነክራ ለእትዬ ዘይነብ አጎረሰቻት፤ እሷም መልሳ አጎረሰቻት፤ ባሚያው እየተዝለገለገ ቬሎው ላይ ወረደ፤ ማንም አልጠረገውም። ከዚያ እናቴ እጇን ሰደደች፣ ከዚያ ሐሊማ፣ ከዚያ የደምሴ እናት። ከማንጎው ሥር ሰው እየተነሣ መጣ፣ ከእኛም ዳስ ወጡን ትቶ ሰው እየተነሣ መጣ፤ በእነዚያ ሳህኖች ዙሪያ የማን ወገን ማን እንደሆነ እስኪጠፋኝ ድረስ ተበላ። አባቴ ዳሱ ምሰሶ ላይ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት፤ አላፈረም። ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ ግን ያን ጊዜ በተራው ወደ ሌላው ሰርግ ሄዶ ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ያለው ሁሉም በልቶ እጁን ሲታጠብ ነው።

እኔ የተዳርኩት ባለፈው ጥር ነው። አሶሳ ዛሬ ሆቴልም አዳራሽም ሞልቷታል፤ ስብሰባ የሚያስለቅቀን አልነበረም። ሰርግ አዘጋጇ ሴት ፈገግታዋን ሳታጎድል የሙስሊም እንግዳ ስንት፣ የክርስቲያን ስንት ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ አበቃ። በዕለቱ በስተቀኝ አንድ ቡፌ፣ በስተግራ አንድ ቡፌ፣ ከእያንዳንዱ ፊት የማን እንደሆነ የሚናገር ሰሌዳ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ ጭልፋ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ አስተናጋጅ ነበር። እትዬ ዘይነብ አንድ ነገር ሠርታ ብትመጣ ብዬ አዘጋጇን ስጠይቃት፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው አለችኝ፤ እኔም ጣጣ ሰልችቶኝ ነበርና እሺ አልኩ። ጋሼ ጌታቸው አርጅቷል፤ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ ተቀምጦ፣ የሚያስተካክለው ነገር አጥቶ ዋለ። ምንም አልተበላሸም። ያን ዓመት ሁሉ ጥርሴን ነክሼ የተመኘሁት ሰርግ ይህ ነበር።

እትዬ ዘይነብ በልጅ ልጇ ተደግፋ መጣች፤ ከወገኖቿ ጋር በተመደበላት ጠረጴዛ ተቀመጠች፤ ጥሩ ሥጋ ቀረበላት፣ በላች። ስትወጣ ወደ እኔ መጥታ እጄን ይዛ መረቀችኝ፣ «ምግብ ጥሩ ነው፣ ሹክረን» አለችኝ። ዘውዴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እትዬ ዘይነብ ከበሩ ሳትደርስ ዘውዴ ፊቷን አዞረች። ምን ሆንሽ ስላት፣ «በእኔ ሰርግ እንደ እንግዳ አመሰግናለሁ ብላ አልወጣችም ነበር» አለችኝ።